የናሚብ በረሃው ናራ፦ ስለ ጥቅሙ የሚወራው ሁሉ እውነት ነው?

የአሸዋ መንገደኛ፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ ቤተሰቦች።

«የበረሃ ሐብሐብ ስኳር በሽታን ከሥሩ ይነቅላል፣ ደም ግፊትን ያወርዳል፣ ካንሰርን ያደርቃል» የሚል ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ነው። ከጽሑፉ ጋር ሦስት ፎቶ አለ። ፎቶዎቹ የሦስት የተለያዩ ተክሎች ናቸው። አንዱ በደህና የሚበላ ነው፣ ሁለተኛው ተቀምሶ የሚበላ ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ ሰው ሆስፒታል የሚያስገባ ነው። ሦስቱን አንድ አድርጎ «ብሉ» ማለት በሰው ጤና መጫወት ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በቅርብ ከማውቀው ልጀምርና የቀረውን የምታውቁ ትሞሉበታላችሁ።

ሥራዬ ናሚቢያ ውስጥ፣ ዋልቪስ ቤይ ነው። ከከተማው ወጣ ሲባል የኩይሴብ ወንዝ ባሕር ሳይደርስ አሸዋ ውስጥ ሰምጦ የሚቀርበት ቦታ አለ። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ያለው ናራ በብዛት የሚገኘው እዚያ ነው። ከዱባና ከኪያር ወገን ይመደባል፤ ለሚያየው ግን ዱባ የሚያስብል አንዳች ነገር የለውም። ቅጠል የሚባል አታገኙበትም። የቅጠሉን ሥራ የሚሠሩት አረንጓዴው ግንዱና እሾሁ ናቸው። ቁጥቋጦው እርስ በርሱ እየተጠላለፈ የአሸዋ ክምር ላይ ይንሰራፋል፤ ነፋስ ያመጣውን አሸዋ እያጠመደ ክምሩን ራሱ ያሳድገዋል። ዝናብ የሚባል ነገር እምብዛም በሌለበት አገር የሚኖረው ሥሩ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሜትሮች ወደ ታች ወርዶ የከርሰ ምድር ውኃ ስለሚያገኝ ነው። ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ ይበቅላሉ፤ ስለዚህ አንዱ ቁጥቋጦ ፍሬ ተሸክሞ ሲጎብጥ ጎረቤቱ አበባ ብቻ ይዞ ዓመቱን ይጨርሳል።

ፍሬው በሁለት እጅ የሚታቀፍ፣ ቆዳው ሾጣጣ ጉብታዎች ያሉበት ነው። ከውጭ ሲበስልም አረንጓዴነቱ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ሲሰነጠቅ ግን ውስጡ ብርቱካናማ ቢጫ ነው፤ የሚያዝረከርክ፣ ጣት ላይ የሚጣበቅ ጭማቂ አለው፤ ሽታው ከሩቅ ይጠራል። ነጣ ያሉ ጠፍጣፋ ዘሮች ሥጋው ውስጥ ተሰግስገዋል። ያልበሰለውን የቀመሰ ከንፈሩና ምላሱ ይቃጠላል። የበሰለውንም ቢሆን አብዝቶ የበላ ሰው አፉ መለብለቡ አይቀርም። ይህን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

የዚህ ፍሬ ባለቤቶች በታችኛው ኩይሴብ የሚኖሩት ቶፕናሮች ናቸው። በድሮው ሥርዓታቸው እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ የናራ ቦታ ነበረው፤ ልጅ ከወላጁ ይወርሰው ነበር። የናሚብን ጥንታዊ ሰፈሮች የቆፈሩ አጥኚዎች ወደ 8,000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው የናራ ዘር ቅሪት አግኝተዋል። ይህ የትናንት ግኝት አይደለም፤ ሰው በረሃው ውስጥ እንዲኖር ካደረጉት ምግቦች አንዱ ነው።

ለቀማው የሚደራው በዚያ አገር በጋ፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። ፍሬው በአህያ ጋሪ ተጭኖ ይመጣል፤ ከዚያ ተልጦ በበርሜል ይቀቀላል። ሥጋው ቀልጦ ዘሩ እስኪላቀቅ ድረስ ይማሰላል። ዘሩ ተጣርቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። የወፈረው ጭማቂ ደግሞ በስሱ ተዘርግቶ ሲደርቅ እንደ ቆዳ የሚጠቀለል ጣፋጭ ቂጣ ይሆናል፤ ወራት አልፎ ዓመትም ይቆያል። ዘሩን ጥርስ ላይ ሰንጥቀው ውስጡን ይበሉታል። ለረጅም ዘመን ወደ ኬፕታውን እየተላከ የተሸጠውም ይኸው ዘር ነው።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ስለ በረሃ ሐብሐብ ጥቅም የሚያወራ ሰው ከዘሩ ይጀምር። የተፈለፈለ የናራ ዘር ከግማሽ በላይ ቅባት ነው፤ ሲሶው ያህል ደግሞ ፕሮቲን። ሥጋው ጥም ይቆርጣል፣ ኃይል ይሰጣል፣ ጣዕሙም ግሩም ነው። ቤተሰብን ዓመት የሚያሻግረው ግን ዘሩ ነው። «መድኃኒት» የሚለውን ስም ያወጣለት ሩቅ ሆኖ የሚጽፈው ሰው ነው። እዚህ ያሉት በመጀመሪያ የሚያውቁት ምግብነቱን ነው።

የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ካላችሁ ቁጥሩን አብራሩልን።

ማዕደ ጤና፦

ወንድሜ የአሸዋ መንገደኛ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ። የናራ ዘር ለብቻው በመደበኛ የምግብ ይዘት ሰንጠረዥ ላይ በዝርዝር ስለማይገኝ የቅርብ ዘመዱን፣ የተራውን ሐብሐብ ዘር፣ ይዤ ልናገር፤ በቅባትም በፕሮቲንም ብዙ አይራራቁም።

100 ግራም የደረቀ የተፈለፈለ የሐብሐብ ዘር ወደ 557 ኪሎ ካሎሪ፣ 28 ግራም ፕሮቲን፣ 47 ግራም ቅባት፣ 515 ሚሊ ግራም ማግኒዚየም፣ 10 ሚሊ ግራም ዚንክ፣ 7 ሚሊ ግራም ብረት አለው። 100 ግራም በአንድ ጊዜ የሚበላ ስለሌለ ወደ እፍኝ እናውርደው። 30 ግራም ማለት 8 ግራም ተኩል ያህል ፕሮቲንና 155 ሚሊ ግራም ማግኒዚየም ነው። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው ማግኒዚየም እንደ ፆታውና ዕድሜው ከ310 እስከ 420 ሚሊ ግራም ስለሆነ አንዲት እፍኝ ከሲሶ በላይ ትሸፍናለች። ማግኒዚየም ለጡንቻ፣ ለነርቭ፣ ለልብ ምት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ከምግቡ በበቂ አያገኘውም።

አሁን ሥጋውን እንይ። 100 ግራም ቀይ ሐብሐብ 91 ከመቶው ውኃ ነው፤ 30 ኪሎ ካሎሪ፣ 6 ግራም ገደማ ስኳር፣ 8 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ፣ 112 ሚሊ ግራም ፖታሲየም፣ 4.5 ሚሊ ግራም ላይኮፒን (ቀይ ቀለሙን የሚሰጠው) አለው። መልካም ፍሬ ነው፣ በተለይ ላብ ላፈሰሰ ሰው። ግን ከዘሩ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱን ራሳችሁ ታያላችሁ። ሰው ሥጋውን በልቶ ዘሩን ሲተፋ ባየሁ ቁጥር ያሳዝነኛል።

ሁለት ነገር ልጨምር። የዱባ ወገን ዘር ፕሮቲን በአርጂኒን የበለጸገ ነው፤ ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ግን ያንሰዋል። ላይሲን በባቄላ፣ በሽምብራ፣ በምስር ውስጥ ሞልቷል፤ አንድ ላይ የተበሉ እንደሆነ ጉድለቱ ይሞላል። ሁለተኛ፣ ዘር ሁሉ ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ ይህ ብረቱንና ዚንኩን ይዞ ሙሉ በሙሉ እንዳንወስደው ያደርጋል። አስቀድሞ መዘፍዘፍ ይቀንሰዋል። ስለዚህ «7 ሚሊ ግራም ብረት አለው» ማለትና «7 ሚሊ ግራም ብረት ደም ውስጥ ገባ» ማለት አንድ አይደሉም።

ቅባቱ በአብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ ኦሜጋ 6 የሚባለው። ሰውነት ራሱ ስለማይሠራው ከምግብ መገኘት አለበት። በምግባችን ውስጥ የረጋ ስብን ተክቶ ሲገባ መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል ዝቅ እንደሚያደርግ በደንብ የተረጋገጠ ነው። ቁልፉ «ተክቶ» የሚለው ነው። የለመዱት ቅቤ ሳይቀነስ ላዩ ላይ ቢጨመር ውጤቱ ውፍረት ነው።

ሰላም ለኪ፦

እኔ ጥያቄ አለኝ። እናቴ የስኳር በሽተኛ ናት፤ ያ ጽሑፍ እሷም ዘንድ ደርሷል። «መራራው የበረሃ ሐብሐብ ተፈጭቶ በማር» የሚለውን አንብባ አስመጡልኝ እያለች ነው። ምን ልበላት? ጨክኜ እምቢ እንዳልላት ተስፋ አድርጋበታለች።

ነርሷ፦

እህቴ ሰላም ለኪ፣ እባክሽ አሁኑኑ ደውለሽ አስቁሚያት። ድንገተኛ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ።

በሦስተኛው ፎቶ ያለው ተክል ኮሎሲንት ይባላል፤ ዐረቦች ሐንዘል ይሉታል። ብርቱካን የሚያክል፣ ሲደርቅ ቢጫ የሚሆን፣ ክብ ቅል ነው፤ ከሰሜን አፍሪካ እስከ ሕንድ ባለው ደረቅ ምድር መሬት ላይ እየተሳበ ይበቅላል። ሥጋው ሆድን ክፉኛ የሚያስቀምጥ ነው። ከጥንት ጀምሮ ለዚህ ሲያገለግል ኖሯል፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ግን እ.ኤ.አ. በ1991 ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሚሸጡ የሆድ ማለስለሻዎች ውስጥ እንዲወጣ አድርጓል። አብዝቶ የወሰደ ሰው የሚይዘው ሆድ ቁርጠት፣ ማስመለስና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ነው። የሰውነቱ ፈሳሽ ይሟጠጣል፣ ግፊቱ ይወርዳል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ይህ ሲደርስ ኩላሊትም አብሮ ይጎዳል። ነፍሰ ጡር ሴትማ ጨርሶ አጠገቡ መድረስ የለባትም።

የሚጎዳው ነገር ኩከርቢታሲን ይባላል። የዱባ ወገን ሁሉ፣ ኪያርም ዝኩኒም ሐብሐብም፣ ተባይና እንስሳ እንዳይበላው የሚሠራው መራራ ንጥረ ነገር ነው። የአሸዋ መንገደኛ የጠቀሱት ያልበሰለ ናራ አፍ ማቃጠሉም ከዚሁ የመጣ ነው። ምግብ ማብሰል አያጠፋውም። እ.ኤ.አ. በ2015 ጀርመን አገር አንድ የ79 ዓመት አዛውንት ከጓሮ የተገኘ መራራ ዝኩኒ ተሠርቶ በልተው ሕይወታቸው አልፏል። ዝኩኒ ነው እንግዲህ፣ ኮሎሲንት እንኳ አይደለም።

ለእናትሽ ስትነግሪያት ያንን መራራ ፍሬ ከመከልከል አትጀምሪ። የስኳር መጠኗን አብራችሁ ለኩ፣ የምትወስደውን መድኃኒት አብራችሁ እዩ፣ ከሐኪሟ ጋር አብራችሁ ግቡ። ተስፋዋን የምታኖርበት ሌላ ነገር ስታገኝ ይህኛውን ለመተው አይከብዳትም።

ዘመነ፦

ነርሷ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ኢራን ውስጥ ኮሎሲንት ለስኳር ሕሙማን ተሰጥቶ ስኳራቸው እንደቀነሰ የሚያሳይ ጥናት አለ። ይህን ሳያነሱ ማለፍ ተገቢ ነው? ደግሞስ መራራ ነገር መድኃኒት ነው ሲባል የኖረው ያለ ምክንያት ነው?

ነርሷ፦

ዘመነ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ጥናቶቹ አሉ። የተደረጉት በጥቂት ሰዎች ላይ፣ ለጥቂት ሳምንታት፣ በሚሊ ግራም ተለክቶ ካፕሱል ውስጥ በገባ ዱቄት ነው። የተለመደው የስኳር መድኃኒታቸውም አልተቋረጠም። ከዚያ ተነስቶ «ፍሬውን ፈጭተሽ በማር በዪ» ማለት አይቻልም። ከጫካ የተለቀመ አንድ ፍሬ ምን ያህል ኩከርቢታሲን እንደያዘ ማንም አይነግርህም፤ የአንዱ ከሌላው ብዙ ይለያል። ስኳር በሽታ ደግሞ ተለክቶ የሚሰጥ፣ ውጤቱ የታወቀ መድኃኒት ያለው በሽታ ነው።

መራራነትን በተመለከተ፣ ቡናም ግራዋም መራራ ናቸው፤ ሁሉንም በአንድ ዓይን ማየት አይቻልም። በዱባ ወገን ውስጥ ግን መራራነት የመርዙ ምልክት ነው። ምላስህ ሲነግርህ ስማው፤ ትፋው።

ሰላም ለኪ፦

ነርሷ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ደውዬላታለሁ፤ እንዳይመጣ ተስማምተናል። ተራውን ሐብሐብስ መብላት ትችላለች? እሱንም ፈርታ ትታዋለች።

ማዕደ ጤና፦

እህቴ፣ በልክ ከሆነ ትችላለች። ብዙዎችን የሚያስፈራው ሐብሐብ በጥቅሉ ስኳርን በፍጥነት ከሚጨምሩት ተርታ መመደቡ ነው፤ ግላይሴሚክ ኢንዴክስ የሚባለው የፍጥነት መለኪያው በብዙ ሰንጠረዦች 72 ተብሎ ተጽፏል። ነገር ግን ያ መለኪያ ፍጥነቱን እንጂ መጠኑን አይናገርም። አብዛኛው ውኃ ስለሆነ በአንድ ጊዜ በሚበላው 120 ግራም ውስጥ ያለው የስኳር ጫና (ግላይሴሚክ ሎድ) ከ4 እስከ 5 ገደማ ብቻ ነው፤ ይህ ዝቅተኛ የሚባል ነው። ሁለት ቀጭን ቁራጭ፣ ባዶ ሆድ ላይ ሳይሆን ከምግብ ጋር፣ ጭማቂው ተጨምቆ ሳይሆን በቁሙ። ከበላች ሁለት ሰዓት በኋላ ትለካ፤ የራሷ መለኪያ ከእኔ ሰንጠረዥ ይበልጣል።

የኩላሊት ሕመም ካለባት ግን የፖታሲየሙ ነገር ስላለ በመጀመሪያ ሐኪሟን ትጠይቅ።

ዘርዓ ምድር፦

ሁለተኛው ፎቶ ላይ ያለው ተክል ሳይነሳ እንዳይቀር። እሱ ትሳማ ነው፣ የካላሃሪው የዱር ሐብሐብ። ዕፅዋት አጥንቻለሁና ስለ እሱ ትንሽ ልበል።

ትሳማ ለምንበላው ሐብሐብ የሥጋ ዘመዱ ነው። ከውጭ ሲታይ ትንሽ ሐብሐብ ነው፣ አረንጓዴ ዥንጉርጉር፤ ውስጡ ግን ነጣ ያለ፣ ጣዕሙ የደበዘዘ። ካላሃሪ ውስጥ በደረቁ ወራት የገጸ ምድር ውኃ በሚጠፋበት ጊዜ የአካባቢው ነባር ሕዝብ ሳኖች ውኃ የሚያገኙት ከዚህ ነው። እነሱ ብቻ አይደሉም፤ ሳላውም፣ ቡናማው ጅብም ይበላዋል። እ.ኤ.አ. በ1908 የጀርመን ጦር ወደ ካላሃሪ ሲዘልቅ ግመሎቹ የውኃ ጉድጓድ ሳያገኙ የተጓዙት ይህንኑ እየበሉ ነበር። በበዛበት ዓመት ተሰብስቦ በጥላ ይቀመጣል፤ ሳይበላሽ ወራት ይቆያል። ዘሩም ተቆልቶ ይፈጫል፣ ዱቄቱ ይበላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በአንድ ሜዳ ላይ ጣፋጩና መራራው ትሳማ ጎን ለጎን ይበቅላሉ፤ ከውጭ መልካቸው አንድ ነው። የስኮትላንዱ ተጓዥ ዴቪድ ሊቪንግስተን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአካባቢው ሲያልፍ ሰዎቹ እያንዳንዱን ፍሬ በመጥረቢያ ሰንጠቅ አድርገው በምላሳቸው እየነኩ ሲመርጡ አይቶ ጽፏል። መራራውን ጥለው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። በረሃ ውስጥ ውኃ የጠማው ሰው እንኳ መራራውን አይበላም። «መራራው ይሻላል» ለሚሉት ከዚህ የበለጠ ምስክር የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ሐብሐብ ወይም ዝኩኒ በጓሮ ለምታበቅሉ፦ መራራ ዘመዱ በአቅራቢያ ካለ ንብ አበባቸውን ያዳቅለዋል። የዘንድሮው ፍሬ ደህና ይሆናል፤ ከእሱ የወሰዳችሁት ዘር ግን በሚቀጥለው ወቅት መራራ ፍሬ ሊያፈራ ይችላል። እንዲህ ባለ ቦታ ዘር ከታወቀ አቅራቢ መግዛት ይሻላል። ያፈራውንም ጥሬውን በምላስ ጫፍ ሳትቀምሱ ድስት ውስጥ አትክተቱ።

ደስ የሚለኝን አንድ ነገር ላክል። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 እንዳሳዩት የዱር ሐብሐብ ድርቅ ሲጠናበት ቅጠሉ ውስጥ ሲትሩሊን የሚባል አሚኖ አሲድ ያከማቻል። ፀሐይና ውኃ ማጣት ተባብረው የሚፈጥሩትን ጎጂ ኬሚካል የሚያመክንለት እሱ ነው። ይኸው ሲትሩሊን ከሐብሐብ ፍሬም ውስጥ አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተለየውም ከሐብሐብ ጭማቂ ነው።

አክሊሉ፦

ሲትሩሊን ካነሳችሁ፣ ስፖርተኞች በዱቄት የሚወስዱት ነው። ለደም ግፊትስ ይረዳል የሚባለው እውነት ነው?

ማዕደ ጤና፦

አክሊሉ፣ መነሻው እውነት ነው። ሲትሩሊን ኩላሊት ውስጥ ወደ አርጂኒን ይለወጣል፤ ሰውነት ደግሞ ከአርጂኒን ናይትሪክ ኦክሳይድ ይሠራል፤ ይህም የደም ሥርን ያላላል። አነስተኛ ጥናቶች መጠነኛ የግፊት መቀነስ አሳይተዋል። መጠኑን ግን አስቡት። አንድ ኪሎ የሐብሐብ ሥጋ ከ1.6 እስከ 3.5 ግራም ሲትሩሊን አለው። ጥናቶቹ ላይ በብዛት የሚሰጠው በቀን 3 ግራምና ከዚያ በላይ ነው። በየቀኑ ኪሎ ሁለት ኪሎ ሐብሐብ መብላት ለስኳሩም ለሆድም አይሆንም። ሐብሐብን ስለሚጣፍጥና ስለሚያረካ ብላው፤ የግፊት ክኒንህን ግን በእሱ አትተካ።

ሂሩት ዘ ቅባት፦

ስለ ዘይቱ ማንም አላነሳም። የካላሃሪ ሐብሐብ ዘር ዘይትም የናራ ዘይትም በመዋቢያ ምርቶች ውስጥ አሉ። ለደንበኞቼ ፊት የተለያዩ ዘይቶችን ስለምጠቀም ከሥራዬ የማውቀውን ልናገር። ሁለቱም ቀለል ያሉ ናቸው፤ ቆዳ ላይ ሳይከብዱ ይሰርጋሉ። ሊኖሌይክ አሲድ የቆዳ ላይኛው ክፍል እርጥበት እንዳያመልጥ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ስለሆነ ለደረቀ፣ ነፋስ ላሻከረው ቆዳ ይስማማሉ። ቶፕናሮችም የናራን ዘይት ከፀሐይና ከነፋስ ለተጎዳ ቆዳ ይቀቡታል።

«ማድያት ያጠፋል፣ ጠባሳ ይፍቃል» እየተባለ ሲሸጥ ግን አትመኑ። ቆዳን ያለሰልሳል፤ ያ ራሱ በቂ ጥቅም ነው። የፀሐይ መከላከያም አይተካም። መጀመሪያ ክንዳችሁ ላይ ትንሽ ቀብታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ፤ የዘር አለርጂ ያለበት ሰው ደግሞ ይተወው።

የአሸዋ መንገደኛ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዘርዓ ምድር፣ የመጥረቢያውን ነገር ስታነሳ የናራ ለቃሚዎች ትዝ አሉኝ። እነሱም የሚለቅሙት የበሰለውን ለይተው ነው፤ የበሰለ ፍሬ ከግንዱ በቀላሉ ይላቀቃል፣ ሽታውም ራሱ ይመሰክራል። እንቢ ያለውን አያስገድዱትም፣ ለሌላ ቀን ይተውታል።

የናራ ጭማቂ ወተትን የሚያረጋ ኢንዛይም አለው። ትኩስ ወተት ላይ ሲጨመር ወተቱ ይረጋል። ከቀደመው መቶ ክፍለ ዘመን በፊትም የኬሚስትሪ ሰዎች ያጠኑት ነገር ነው። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ በረሃ ውስጥ ያለ አንድ እሾሃም ቁጥቋጦ ጣፋጭ፣ ቅባት፣ ፕሮቲንና የወተት ማርጊያ በአንድ ፍሬ አሽጎ ማቅረቡ ነው።

ዘይቱን ለምትገዙ ደግሞ አንድ አደራ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከተማውን ከጎርፍ ለመከላከል የኩይሴብ ውኃ በግድብ አቅጣጫው ተቀይሯል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ለከተማና ለማዕድን ሥራ ከወንዙ ሥር ብዙ ውኃ ይሳባል። የናራ ሥር የሚጠጣው ያንኑ ውኃ ነው። ውኃው በራቀበት ቦታ ቁጥቋጦው ደርቆ የአሸዋ ክምሩ ብቻ ቆሞ ይታያል። ጎባቤብ የሚገኘው የበረሃ ምርምር ማዕከል ተክሉን ለዓመታት ሲከታተል ቆይቷል። ስለዚህ የናራ ዘይት ስትገዙ ከቶፕናር ለቃሚዎች የተገዛ መሆኑን ጠይቁ። ገንዘቡ ለቃሚው እጅ ሲገባ ቁጥቋጦውን የሚንከባከብ ሰው ይኖራል።

ዘመነ፦

ስለ ኢራን ጥናት የሰጣችሁኝ ማብራሪያ አርክቶኛል። አንድ ተግባራዊ ጥያቄ ልጨምር። ዘሩን አምጥተን ብንቆላው ምን ያህል ጊዜ ይቆያል? ለልጆችስ መስጠት ይቻላል?

ማዕደ ጤና፦

ይቻላል። ግን ከአራት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ሙሉ ዘር አትስጥ፣ ያንቀዋል፤ ፈጭተህ ገንፎው ላይ አድርግለት። ለአለርጂው ደግሞ መጀመሪያ በጥቂቱ አስጀምረው።

ስለ ማቆየቱ፣ ሊኖሌይክ አሲድ ለብርሃንና ለሙቀት ስስ ነው፤ ቶሎ ይበላሻል። ዘሩን ከነቅርፊቱ አስቀምጠው፤ ቅርፊቱ አየሩን ስለሚከለክል ለወራት ይቆያል። የተፈለፈለውንና የተቆላውን ግን በጠርሙስ ከድነህ ማቀዝቀዣ ውስጥ አድርግና በሁለት ሦስት ሳምንት ጨርሰው። ስትቆላ እሳቱ ለስለስ ይበል፤ ሽታው ሲነሳ አውርደው፣ እስኪጠቁር አትጠብቅ። ከከፈትከው በኋላ አሮጌ ቀለም የሚሸት ከሆነ ወይም ጉሮሮ ላይ የሚከረክር ከሆነ ቅባቱ ተበላሽቷልና ሁሉንም ጣለው።